የኦርጋኒክ ሪአክሽን መራጭነት፦ እንዴት ይተነበያል? እንዴትስ ይፈተናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ሪአክሽን ሁለት ወይም ሦስት ውጤት መስጠት ሲችል የትኛውን አብዝቶ ይሰጣል? ይህን ቀድሞ መገመትና ግምቱን በሙከራ ማረጋገጥ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትልቁ ሥራ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎችም፣ ላብራቶሪ ከሚውሉ ሰዎችም ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መራጭነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሴሌክቲቪቲም ይባላል። ሪአክሽኑ ከፊቱ ካሉት መንገዶች አንዱን አብልጦ ከሄደ መራጭ ነው።

በሦስት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው ኬሞሴሌክቲቪቲ ነው፤ የትኛው የሞለኪውሉ ክፍል ተነካ የሚለው። ለምሳሌ አንድ ሞለኪውል ላይ ኪቶንም ኤስተርም አለ እንበል። ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አብዛኛውን ጊዜ ኪቶኑን ሪዲዩስ አድርጎ (ሃይድሮጅን ጨምሮበት) ኤስተሩን ይተወዋል። ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ግን ሁለቱንም አይምርም። ሁለተኛው ሪጂዮሴሌክቲቪቲ ነው፦ አዲሱ አተም የትኛው ካርቦን ላይ ገባ? ሦስተኛው ስቴሪዮሴሌክቲቪቲ ነው፦ ከላይ ገባ ወይስ ከታች፣ የቀኝ ቅርጽ ወጣ ወይስ የግራ?

ይህን ያህል ለምን እንጨነቅበታለን?

ያልተፈለገው ውጤት ብዙ ጊዜ ከተፈለገው ጋር ይመሳሰላል። ለመለየት ያስቸግራል። መድኃኒት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከድካም ያልፋል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ኤል-ዶፓ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ቅርጽ አለው፤ የሚፈለገው አንዱ ብቻ ነው። ዊሊያም ኖውልስ ይህንኑ ቅርጽ ብቻ አጉልቶ የሚያወጣ የሮዲየም ካታሊስት በመሥራቱ በ2001 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከኖዮሪና ከሻርፕለስ ጋር ተካፍሏል።

የማርኮቭኒኮቭን ሕግ በቃሌ አውቃለሁ። ለመተንበይ አይበቃኝም?

ሕጉን ማወቅ ጥሩ ነው። ከሕጉ ጀርባ ያለውን ምክንያት ካላወቃችሁ ግን አዲስ ሪኤጀንት (ሞለኪውሉን ለመለወጥ የሚጨመር ኬሚካል) ሲመጣ ትቸገራላችሁ።

ሃይድሮጅን ብሮማይድ ፕሮፒን (ድርብ ቦንድ ያለው ባለሦስት ካርቦን ሞለኪውል) ላይ ሲጨመር ብሮሚኑ መካከለኛው ካርቦን ላይ ያርፋል። ሕጉ «ሃይድሮጅን ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለበት ካርቦን ይሄዳል» ይላል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ፕሮቶኑ ቀድሞ ሲገባ ካርቦካታዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ የያዘ ካርቦን፣ ይፈጠራል፤ መካከለኛው ካርቦን ላይ ያለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ጫፉ ላይ ካለው የተሻለ ይረጋጋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ይፈጥናል።

አሁን ቦሬንን ውሰዱ። ቦሮንና ሃይድሮጅን በአንድ ጊዜ ነው የሚገቡት፤ ነጻ ካርቦካታዮን የለም። ቦሮኑ ቦታ ወደማይጠበው ጫፍ ይሄዳል። 1-ሄክሲንን በቦሬን አክማችሁ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስታጠናቅቁ 94 በመቶ ያህሉ 1-ሄክሳኖል ይሆናል። ከቦሬን በሚገዝፈው ዘመዱ በ9-ቢቢኤን ከተሠራ ከ99 በመቶ በላይ ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጣው የሪኤጀንቱ ግዝፈት ነው።

ቤዝ ላይም ያው ነው። 2-ብሮሞ-2-ሜቲልቢዩቴን በኢቶክሳይድ ሲታከም 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውጤት ብዙ ካርቦን የተያያዘበት፣ የተረጋጋው ድርብ ቦንድ ነው። ቤዙን ወደ ግዙፉ ተርት-ቢዩቶክሳይድ ስትቀይሩ ግን ቁጥሩ ይገለበጣል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ድርብ ቦንዱ ጫፍ ላይ ያለው ነው። ቤዙ ወደ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ለመድረስ ስለሚቸገር ዳር ያለውን ይነጥቃል።

እሺ፣ ትንበያ ከየት ይጀመራል?

እኔ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ እዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ማነው? ፍጥነት ነው ወይስ መረጋጋት? ይህን ሳይመልሱ ወደ ሕግ መሮጥ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ሪአክሽኑ ወደኋላ የማይመለስ ከሆነ ቀድሞ የተፈጠረው ያሸንፋል። ኪኔቲክ ቁጥጥር እንለዋለን። ወደፊትም ወደኋላም የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ውሎ አድሮ የተረጋጋው ይበዛል፤ ይህ ቴርሞዳይናሚክ ቁጥጥር ነው።

1,3-ቢዩታዳይን እና ሃይድሮጅን ብሮማይድ ይህን አጥርተው ያሳያሉ። በ-80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከውጤቱ 80 በመቶ ገደማ 3-ብሮሞ-1-ቢዩቲን ነው፤ ብሮሚኑ ከፕሮቶኑ ጎን ያለውን ካርቦን ይይዛል። በ40 ዲግሪ ግን 80 በመቶ ገደማው 1-ብሮሞ-2-ቢዩቲን ይሆናል። ያው ዕቃ፣ ያው ሪኤጀንት ነው። በቅዝቃዜ ያገኛችሁትን ድብልቅ እዚያው ከአሲዱ ጋር ወደ 40 ዲግሪ ብታሞቁትም ወደ ሁለተኛው ቁጥር ይሄዳል። ብሮማይዱ ይወጣል፣ ይገባል፣ በመጨረሻ የተረጋጋው ቦታ ላይ ይበዛል።

ናፍታሊን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋርም እንዲሁ ነው፦ 80 ዲግሪ አካባቢ 1ኛው ቦታ፣ 160 ዲግሪ አካባቢ 2ኛው ቦታ። ሙቀቱን ሳይጠቅሱ «ናፍታሊን የት ላይ ይሰልፎናል?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም።

ጥሩ ምጣኔ ለማግኘት በሁለቱ መንገዶች መካከል ምን ያህል የኃይል ልዩነት ያስፈልጋል?

በጣም ትንሽ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል።

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ለ1 ለማግኘት የሁለቱ ትራንዚሽን ስቴቶች (ሪአክሽኑ በየመንገዱ የሚያልፍባቸው የኃይል ጫፎች) ልዩነት 5.7 ኪሎጁል በሞል ከሆነ ይበቃል። 100 ለ1 ለማግኘት 11.4 ነው። አንድ የካርቦን ከካርቦን ነጠላ ቦንድ ለመስበር 350 ኪሎጁል አካባቢ እንደሚጠይቅ አስቡ። በጣም የምንኮራበት መራጭነት ከዚያ 3 በመቶ ገደማ በሆነ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ለዚህ ነው ሶልቨንት መቀየር፣ አንድ ሜቲል መጨመር፣ የሊቲየምን ጨው በሶዲየም መተካት ውጤቱን ሊገለብጠው የሚችለው።

ሙቀት ለምን እንደሚቀነስም ከዚሁ ይገባል። ያ 5.7 ኪሎጁል ልዩነት ሳይለወጥ ወደ -78 ዲግሪ ብትወርዱ 10 ለ1 የነበረው 33 ለ1 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ ራሱ ከሙቀት ጋር የሚቀየርባቸው ሪአክሽኖች ስላሉ ግን «ካቀዘቀዝኩ ይሻላል» የሚለውም መሞከር ያለበት ግምት ነው።

ካርቦኒል ላይ ሃይድራይድ ከየት በኩል እንደሚገባ እንዴት ልገምት?

ካርቦኒል የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ ነው፤ ሃይድራይድ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ የሚገባ ሃይድሮጅን። ቀለበት ባለው ሞለኪውል እንጀምር፤ ለማየት ይቀላል። 4-ተርት-ቢዩቲልሳይክሎሄክሳኖን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ተርት-ቢዩቲሉ ግዙፍ ስለሆነ ወደ ጎን ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቀለበቱም ወዲያና ወዲህ መገልበጡን ያቆማል። እንግዲህ ሃይድራይዱ ሁለት በር አለው፦ አክሲያል በኩል (ከቀለበቱ ቀጥ ብሎ ከላይ ወይም ከታች) ወይም ኢኳቶሪያል በኩል (ከጎን)።

ትንሹ ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ በአክሲያል በኩል ይገባና 90 በመቶ ገደማ ትራንስ አልኮሉን ይሰጣል። ኦኤች ወደ ጎን ይወጣል ማለት ነው። ግዙፉ ኤል-ሰለክትራይድ ግን በአክሲያል በኩል ሲመጣ ቀለበቱ ላይ ቆመው ያሉት ሃይድሮጅኖች ይከለክሉታል። በሌላው በር ይገባና ከ90 በመቶ በላይ ሲስ አልኮሉን፣ ኦኤች አክሲያል ሆኖ የቆመበትን፣ ይሰጣል። አንድ ኪቶን፣ ሁለት ሪኤጀንት፣ ተቃራኒ ውጤት።

ቀለበት ለሌላቸው ኪቶኖችና አልዲሃይዶች የፌልኪን-አን ሞዴል ጥሩ መነሻ ነው። ዶናልድ ክራም በ1952 ያቀረበውን ሐሳብ ፌልኪን በ1968 አሻሻለው፤ አንና አይዘንስታይን በ1970ዎቹ በስሌት ደገፉት። ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ትልቁ ቡድን ለካርቦኒሉ በ90 ዲግሪ ገደማ ይቆማል፣ ኑክሊዮፋይሉም (ኤሌክትሮን ይዞ የሚያጠቃው፣ ለምሳሌ ሃይድራይዱ) ከትልቁ ቡድን በተቃራኒ፣ ከኦክስጅኑ 107 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ይመጣል። አጠገቡ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ያለው ቡድን ካለና እንደ ማግኒዥየም ያለ ሜታል ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከቻለ ግን ሞዴሉን ቀይሩ። ሜታሉ የሞለኪውሉን አቋም ያስረዋል፤ ብዙ ጊዜም ውጤቱ ይገለበጣል።

ኮምፒውተር ይተነብይልኝ የለ?

ይተነብያል፤ በደንብም ይረዳል። ዲኤፍቲ በሚባለው የኳንተም ስሌት የሁለቱን ትራንዚሽን ስቴቶች ኃይል አውጥቶ ማነጻጸር ዛሬ የተለመደ ሥራ ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ የስሌቱ ስህተት በከፊል ይጣፋል፤ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

ግን ከላይ ያየነውን ቁጥር አትርሱ። 4 ኪሎጁል ስህተት በ25 ዲግሪ ምጣኔውን 5 እጥፍ ያዛባል። ኮምፒውተሩ 5 ለ1 ካላችሁ እውነቱ 25 ለ1 ወይም እኩል ለእኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን «የትኛው ይበዛል፣ ለምንስ?» ለማለት ተጠቀሙበት፤ ለአስርዮሽ ቁጥር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሞለኪውሉ ብዙ አቋም (ነጠላ ቦንዶቹ ሲዞሩ የሚይዘው ቅርጽ) ካለው ሁሉንም መፈለግ ያስፈልጋል። በብዛት የሚገኘው አቋም ውጤቱን ይወስናል ብላችሁ አታስቡ። አቋሞቹ ከሪአክሽኑ በፊት በፍጥነት የሚለዋወጡ ከሆነ ወሳኙ የትራንዚሽን ስቴቶቹ ልዩነት ብቻ ነው። የከርቲን-ሃሜት መርህ የሚለው ይህንን ነው። በጥቂቱ ያለው አቋም ዋናውን ውጤት ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነው።

ምጣኔውን በምን ልለካ? መቼስ?

መቼ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ከማጣራታችሁ በፊት። ጥሬውን ድብልቅ ለኩ። ኮለም (ድብልቅ እየለየ የሚያሳልፍ ቱቦ) ወይም ክሪስታላይዜሽን አንዱን አይሶመር (አተሞቹ አንድ ሆነው አሰካካቸው የተለየ ሞለኪውል) ያስቀርና ሌላውን ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የምትለኩት የማጣራቱን ጥራት እንጂ የሪአክሽኑን ምርጫ አይደለም። ኤናንቲዮመሮች (እንደ ቀኝና ግራ እጅ የመስታወት ምስል የሆኑ አይሶመሮች) እንኳ ተራ ሲሊካ ኮለም ላይ ከፊትና ከኋላ በሚወጡት ክፍልፋዮች መካከል ምጣኔያቸው ሊለያይ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ብቻ የለካ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

በምን ለሚለው፣ ዲያስቴሪዮመር (የመስታወት ምስል ያልሆኑ የቅርጽ አይሶመሮች) እና ሪጂዮአይሶመር (ቡድኑ የገባበት ካርቦን የሚለያይባቸው) ከሆነ ፕሮቶን ኤንኤምአር፣ ሃይድሮጅኖቹን በማግኔት የሚያሳየው መሣሪያ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ወደ ሳይክሎሄክሳኖሉ እንመለስ። በኤንኤምአሩ መለኪያ 0.8 እና 2 ፒፒኤም መካከል ያለው ተደራራቢ ጫካ አይጠቅማችሁም። ከኦኤች ጋር አንድ ካርቦን ላይ ያለችውን ፕሮቶን ፈልጉ። በትራንሱ 3.5 ፒፒኤም አካባቢ ትገኛለች፤ ሰፊ ናት፣ ምክንያቱም አጠገቧ ካሉት ሁለት አክሲያል ሃይድሮጅኖች ጋር 11 ኸርዝ ያህል ትነካካለች። በሲሱ 4.0 ፒፒኤም አካባቢ ጠባብ ሆና ትታያለች። ከመጀመሪያዋ ፒክ ሥር ያለውን ቦታ (ኢንተግራል) 1.00 ብላችሁ ሁለተኛዋ 0.11 ከሆነች ድርሻው 90 ለ10 ነው። ቦታዋም ስፋቷም አንድ ነገር ስለሚመሰክሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያጠራጥርም።

በሁለት ስካን መካከል በቂ የእረፍት ጊዜ ስጡ። ካለዚያ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ፕሮቶን ያነሰ መስሎ ይታያል። አናሳው አይሶመር ከ5 በመቶ በታች ሲሆን ደግሞ ተጠንቀቁ። የካርቦን-13 ሳተላይቶች ከትልቁ ፒክ ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 0.55 በመቶ ገደማ ሆነው ይቆማሉ፤ ለአይሶመር የወሰዳቸው ሰው ብዙ ነው።

ለትልልቅ ምጣኔ ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፊ) ይሻላል። አይሶመሮች በኤፍአይዲ (በነበልባል በሚለካው) ዲቴክተር ተቀራራቢ ምላሽ ይሰጣሉ። ሙቀት የማይችል ነገር ግን መግቢያው ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ 250 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሞቀው።

ኤናንቲዮመሮቹ ኤንኤምአር ላይ አንድ ሆነው ታዩኝ። ሪአክሽኔ ፍጹም መራጭ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ተራ ሶልቨንት ውስጥ ኤናንቲዮመሮች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስፔክትረም ይሰጣሉ። ለመለየት ሌላ ካይራል፣ ማለትም ራሱ የቀኝ ወይም የግራ ቅርጽ ያለው፣ ነገር መግባት አለበት።

በብዛት የሚሠራበት ካይራል ኮለም ያለው ኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ የሚሠራ ክሮማቶግራፊ) ወይም ጂሲ ነው። መጀመሪያ ራሲሚክ (ሁለቱ ቅርጾች እኩል ያሉበት) ናሙና አስገቡ። ሁለት ፒክ ተለይቶ ካልታየ ኮለሙ አልለየላችሁም፤ የናንተን ናሙና አስገብታችሁ አንድ ፒክ ብታዩ ምንም አይነግራችሁም። ሁለቱ ኤናንቲዮመሮች ብርሃን የሚውጡት እኩል ስለሆነ ከፒኩ ሥር ያለው ቦታ ያለ ካሊብሬሽን ድርሻውን ይሰጣል። ሪጂዮአይሶመር ሲሆን ግን በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን ዲቴክተር እንዲህ አትመኑ፤ አንዱ ከሌላው አብልጦ ሊውጥ ይችላል።

ሌላው መንገድ ሃሪ ሞሸር ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 ያስተዋወቀው አሲድ ነው። አልኮሉን ወደ ኤስተር ይቀይርና ኤናንቲዮመሮቹን ዲያስቴሪዮመር ያደርጋቸዋል፤ ያኔ ኤንኤምአር ይለያቸዋል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ ግዴታ ነው። ግማሽ ላይ ከተቆረጠ አንዱ ቀድሞ ሄዶ ምጣኔውን ያዛባል። ደግሞም አር የተባለው አሲድ ወደ አሲድ ክሎራይድ ሲቀየር፣ ቅርጹ ሳይነካ፣ ስሙ ኤስ ይሆናል። የቅድሚያ ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፊደል ሁለቴ አንብቡ።

ኢኢ የሚባለው ቁጥር፣ የበዛው ኤናንቲዮመር በመቶኛ ከአናሳው የሚበልጥበት፣ እሱም ያምታታል። 90 በመቶ ኢኢ ማለት 95 ለ5 ነው፣ 90 ለ10 አይደለም።

ያገኘሁት ምጣኔ ኪኔቲክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ንጹሑን ውጤት ውሰዱና እዚያው ሁኔታ ውስጥ መልሱት፦ ያው ካታሊስት፣ ያው ሶልቨንት፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሰዓት። ከተለወጠ፣ መጀመሪያ የለካችሁት የፍጥነት ምርጫ ላይሆን ይችላል። ካልተለወጠ ኪኔቲክ የመሆኑ ማስረጃ ጠነከረ። ቀላል ሙከራ ነው፤ ብዙ ሪፖርት ላይ ግን አላየውም።

ከዚሁ ጋር በተለያየ ሰዓት ናሙና እየወሰዳችሁ ምጣኔውን ተከታተሉ። ከመነሻው ዕቃ 10 በመቶው ሲለወጥም 90 በመቶው ሲለወጥም አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። እየተንሸራተተ ከሄደ ወይ ውጤቱ እየተለዋወጠ ነው፣ ወይ አንደኛው አይሶመር እየተበላ ነው። የጠቅላላ ድምሩንም ሒሳብ ያዙ። 40 በመቶ ብቻ አግኝታችሁ «20 ለ1 ነው» ካላችሁ፣ የቀረው 60 በመቶ የት ሄደ? አናሳው አይሶመር እዚያ ተበላሽቶ ይሆናል።

ሁለት ሞለኪውሎች አንድ ሪኤጀንት እንዲሻሙ ማድረግ ጥሩ ፈተና ነው?

ጥሩ ነው፣ ሪኤጀንቱ ትንሽ ከሆነ። ሁለቱን ሞለኪውሎች በእኩል መጠን አብዝታችሁ፣ ሪኤጀንቱን አሳንሳችሁ አስገቡ። ሪኤጀንቱ ከበዛ ሁለቱም ያልቁና 1 ለ1 ታያላችሁ፤ ያ ስለ ፍጥነት ምንም አይናገርም።

ፈጣን ሪኤጀንት ሁልጊዜ መራጭነቱ ያንሳል?

ብዙ ጊዜ ይባላል፤ ምሳሌም አለው። ፕሮፔን ላይ ክሎሪን በብርሃን ሲገባ 55 በመቶ 2-ክሎሮፕሮፔን፣ 45 በመቶ 1-ክሎሮፕሮፔን ይወጣል። ብሮሚን ግን 97 በመቶ ገደማውን መካከል ላይ ያስቀምጠዋል። ቁጥሮቹን ስታነቡ በሃይድሮጅኖቹ ብዛት ማካፈል አትርሱ። ጫፎቹ ላይ 6፣ መካከል ላይ 2 አሉ። 55ን ለ2፣ 45ን ለ6 ስታካፍሉ ክሎሪንም ቢሆን የመካከሉን ሃይድሮጅን ወደ 4 እጥፍ እንደሚመርጥ ታያላችሁ።

የብሮሚኑ ምክንያት በሃሞንድ የ1955 ሐሳብ ይብራራል፦ ሃይድሮጅን መንጠቁ ለብሮሚን ኃይል የሚጠይቅ ስለሆነ ትራንዚሽን ስቴቱ የሚፈጠረውን ራዲካል (ጥንድ ያልሆነ ኤሌክትሮን ያለውን ካርቦን) ይመስላል፤ የራዲካሎቹ የመረጋጋት ልዩነትም ይጎላል።

እንደ አጠቃላይ ሕግ ግን አልወስደውም። ኒትሮኒየም አዮን እጅግ ፈጣን ነው። ቶሉዊን ላይ ሲገባ ሜታ ቦታ (በቀለበቱ ላይ ከሜቲሉ ካርቦን አንድ ካርቦን ዘልሎ ያለው) የሚሄደው ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ትንበያዬ ከሙከራው ጋር አልገጠመም። ማንን ልመን?

መጀመሪያ የትኛው ፒክ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ሁለቱን አይሶመሮች አቀያይሮ መሰየም ከሁሉም የበዛው ስህተት ነው። ኤንኦኢ (የትኞቹ ሃይድሮጅኖች እንደሚቀራረቡ የሚያሳይ የኤንኤምአር ሙከራ)፣ የታወቀ ናሙና፣ ከተቻለም የክሪስታል ኤክስሬይ ይጠቅማሉ። ከዚያ ውሃ፣ ኦክስጅን፣ የሪኤጀንቱን ዕድሜና የጠርሙሱን ንጽሕና ፈትሹ። ሌላ ባች ሪኤጀንት ይዛችሁ ድገሙት።

ሁሉም ደህና ሆኖ ልዩነቱ ከቀጠለ ሙከራውን እመኑ፤ ሌላ መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ሃይድሮጅን ብሮማይድ ለረጅም ጊዜ ሰዎችን ያወዛገበው እንዲህ ነበር። አንዱ ላብራቶሪ በማርኮቭኒኮቭ ሕግ ሲያገኝ ሌላው ተቃራኒውን ያገኝ ነበር። በ1933 ካራሽና ሜዮ አሊል ብሮማይድ ላይ ሠርተው ምክንያቱን አገኙ። አየር ያገኘው ዕቃ ውስጥ ትንሽ ፐርኦክሳይድ አለ፤ እሱ የራዲካል ሰንሰለት ያስነሳል፣ ብሮሚኑም ጫፉ ላይ ይገባል፣ ሪአክሽኑም ይፈጥናል። ፐርኦክሳይዱ ሲወገድ ሪአክሽኑ ቀስ ብሎ በሕጉ መሠረት ይሄዳል። ሃይድሮጅን ክሎራይድና ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይህን መገልበጥ በተለመደው ሁኔታ አያሳዩም፤ በሁለቱ ላይ ከሰንሰለቱ እርምጃዎች አንዱ ኃይል የሚጠይቅ ስለሆነ ሰንሰለቱ አይቀጥልም።